ኮንትሮል ፓነል አልጠፋም፤ ማሠልጠኛዎቻችን ከመንገዱ ይልቅ መጠሪያውን ያስተምሩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በኮምፒውተር ጥገናና በመሠረታዊ የኮምፒውተር ሥልጠና ሥራ ላይ ለዓመታት የቆየሁ እንደ መሆኔ፣ በመሥሪያ ቤቶች፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በየመኖሪያ ቤቱ እየተደጋገመ ስለሚያጋጥም አንድ ችግር ሐሳቤን ለአንባቢያን ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒውተር አዲስ እትም ሲጫንበት፣ ተጠቃሚው ለረጅም ጊዜ የለመዳቸው የማስተካከያ መስኮቶች፣ በተለይም የኮምፒውተሩን ማስተካከያዎች በሚያሰባስበው በኮንትሮል ፓነል ሥር የነበሩት፣ ከነበሩበት ቦታ አይገኙም። ፈልጎ ያጣ ሰው ደግሞ ጨርሶ ተሰርዘዋል ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም ወይ ችግሩን ችሎ ይቀጥላል፣ ወይ ከኢንተርኔት ምንነቱ ያልታወቀ ፕሮግራም ያወርዳል፣ ወይ ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማስደረግ፣ ማለትም ዲስኩን አስጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለማስጫን፣ ጥገና ቤት ይሄዳል። ከእነዚህ መስኮቶች አብዛኞቹ ግን ዛሬም ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ፤ የተነሣው ወደ እነርሱ የሚመራው ምልክት ብቻ ነው። ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው ብዬ አላምንም። ሰው የተማረው “መጀመሪያ ይህን ተጫን፣ ቀጥሎ ያንን ተጫን” የሚለውን መንገድ በመሆኑ፣ መንገዱ በተለወጠ ቀን የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ጉዳዩን አሁን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎችና መሥሪያ ቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሸጋገሩ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር የማያሟሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ በነበሩበት ይቀጥላሉ። በአንድ ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ 7፣ ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ጎን ለጎን ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው። ለሦስቱም የሚሆን አንድ የመጫኛ መንገድ የለም። ለሦስቱም የሚሆን መጠሪያ፣ ማለትም ተጽፎ መስኮቱን በቀጥታ የሚከፍት አጭር ስም፣ ግን አለ፤ የደብዳቤዬም ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ኮንትሮል ፓነል ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 ካወጣው ከመጀመሪያው ዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣ ነው። በ1995 በወጣው ዊንዶውስ 95 አብዛኞቻችን የምናውቀውን የፎልደር መልክ ያዘ፤ በ2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ ማስተካከያዎቹን በምድብ ከፋፍሎ የማሳየት አቀራረብ ተጨመረለት። ለውጡ የጀመረው በ2012 ዊንዶውስ 8 ለንክኪ ስክሪን የታሰበ ሁለተኛ የማስተካከያ ቦታ ይዞ ሲመጣ ነው። ያ ቦታ በ2015 በዊንዶውስ 10 ላይ ሰፍቶ ሴቲንግስ ተባለ። በ2017 በወጣው ማሻሻያ፣ ስታርት ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ኮንትሮል ፓነል ወጥቶ ሴቲንግስ ተተካ። በ2020 መጨረሻ ላይ በወጣው እትም ደግሞ ስለ ኮምፒውተሩ አቅም የሚያሳየው ሲስተም የተባለው የቆየ ገጽ ሲከፈት ተጠቃሚውን ወደ ሴቲንግስ መውሰድ ጀመረ። በኦገስት 2024 ማይክሮሶፍት በድጋፍ ገጹ ላይ ኮንትሮል ፓነል ቦታውን ለሴቲንግስ በመልቀቅ ሂደት ላይ መሆኑን ከጻፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አባባሉን አለዝቦ፣ ብዙዎቹ ማስተካከያዎች ወደ ሴቲንግስ በመዛወር ላይ እንደሆኑ በሚገልጽ ቃል ለወጠው። እንግዲህ ከ2012 ጀምሮ አንድ ኮምፒውተር ሁለት የማስተካከያ ቦታ ይዞ ይኖራል፤ ዝውውሩም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ ገና አላለቀም።

የኮንትሮል ፓነልን አሠራር ያወቀ ሰው መስኮቶቹ ለምን እንዳልጠፉ በቀላሉ ይረዳል። ኮንትሮል ፓነል አንድ ወጥ ፕሮግራም አይደለም። በውስጡ ከምናያቸው መስኮቶች ብዙዎቹ፣ ማለትም የኔትወርኩ፣ የድምፁ፣ የማውሱ፣ የቀንና የሰዓቱ፣ የፕሮግራም ማራገፊያው፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ፋይሎች ናቸው። የሚቀመጡትም በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም 32 በተባለው ንዑስ ፎልደር ሲሆን፣ የፋይሎቹ ስም የሚያበቃው በነጥብና ሲ ፒ ኤል በተባሉት ሦስት ፊደላት ነው። ኮንትሮል ፓነል ብለን የምንጠራው ዋና መስኮት እነዚህን ፋይሎች ከሌሎች ገጾች ጋር አሰባስቦ በምልክትና በስም የሚያሳይ ማውጫ ነው። ማውጫው ከስታርት ዝርዝር ቢነሣ፣ ወይም ከማውጫው ውስጥ አንዱ ምልክት ቢቀነስ፣ ፋይሉ እስካለ ድረስ በስሙ ሊጠራ ይችላል።

መጥሪያው ቦታ ራን የተባለው ትንሽ ሳጥን ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ እንደያዙ አር የሚለውን ፊደል ሲጫኑ በስክሪኑ ግርጌ ይከፈታል። በዚያ ውስጥ ኮንትሮል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ ኢንተር መጫን ዋናውን ኮንትሮል ፓነል በዊንዶውስ 7ም፣ በ10ም፣ በ11ም ይከፍታል። ሲከፈት በምድብ ተከፋፍሎ ከመጣ፣ በላይኛው ጥግ ቪው ባይ ከሚለው አጠገብ ላርጅ አይከንስ የሚለውን በመምረጥ ሁሉንም በስም ተራ ማየት ይቻላል፤ የሚፈልጉት ነገር በየትኛው ምድብ እንደተደበቀ ከመገመት ያድናል። በራን መጠቀም የማይፈልግ ሰው በዊንዶውስ 10 ከስታርት ዝርዝር ዊንዶውስ ሲስተም በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ በዊንዶውስ 11 ደግሞ ዊንዶውስ ቱልስ በተባለው ውስጥ ያገኘዋል። በየቀኑ የሚያስፈልገው ሰው ሴቲንግስ ውስጥ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያም ቲምስ በሚለው ሥር ያለውን የዴስክቶፕ አይከን ማስተካከያ ከፍቶ ኮንትሮል ፓነል የሚለው ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ ምልክቱ በዴስክቶፑ ላይ ይቀመጥለታል።

አንድን መስኮት ለይቶ መጥራት ግን ከዚህ ሁሉ ይፈጥናል። በራን ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ለሰው በስልክ እንደምናስጽፈው የፊደላቱን ስም በተርታ አስቀምጣለሁ። በፊደላቱ መካከል ክፍት ቦታ አይገባም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል መለየትም አያስፈልግም፤ የጽሕፈት ገበታው ግን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አለበት። የኔትወርክ ግንኙነቶችን ለማየት ኤን ሲ ፒ ኤ ነጥብ ሲ ፒ ኤል ይጻፋል። ፕሮግራም ለማራገፍ ኤ ፒ ፒ ደብሊው አይ ዜድ ነጥብ ሲ ፒ ኤል፤ ለድምፅና ለማይክሮፎን ኤም ኤም ኤስ ዋይ ኤስ ነጥብ ሲ ፒ ኤል፤ ለኃይል አጠቃቀም ፒ ኦ ደብሊው ኢ አር ሲ ኤፍ ጂ ነጥብ ሲ ፒ ኤል፤ ለቀን፣ ለቁጥርና ለገንዘብ አጻጻፍ አይ ኤን ቲ ኤል ነጥብ ሲ ፒ ኤል፤ ለኮምፒውተሩ ስምና ወደ ቀድሞ ሁኔታ ለመመለሻ ነጥቦች ኤስ ዋይ ኤስ ዲ ኤም ነጥብ ሲ ፒ ኤል። የኮንትሮል ፓነል ቤተሰብ ባይሆንም የድራይቨሮችን (የኮምፒውተሩን ልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) ሁኔታ የሚያሳየው መስኮት በዲ ኢ ቪ ኤም ጂ ኤም ቲ ነጥብ ኤም ኤስ ሲ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ የትኛውን የዊንዶውስ እትም እንደሚጠቀም ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ደብሊው አይ ኤን ቪ ኢ አር ብሎ ይጻፍ።

እነዚህ መጠሪያዎች ከመንገዱ የሚሻሉበት ትልቁ ምክንያት በቋንቋ አለመለወጣቸው ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት ላፕቶፖች ጥቂት የማይባሉት ውጭ አገር ያገለገሉ ናቸው፤ ከዱባይ፣ ከጀርመን ወይም ከእስራኤል ዘመድ የላከው ኮምፒውተር በዓረብኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በዕብራይስጥ ተከፍቶ ይመጣል። በዓረብኛና በዕብራይስጥ በሆነው ላይ ዝርዝሩ ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚደረደር “በግራ በኩል ያለውን ተጫን” የሚለው መመሪያ እንኳን አይሠራም። በራን የሚጻፈው ትእዛዝ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ያው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን አገር ቤት ያለ ልጃቸውን ወይም ወንድማቸውን በስልክ ሲረዱ፣ ሁለቱ ወገኖች የሚያዩት ስክሪን የተለያየ ሆኖ የሚያደርጉት የተሳሳተ ምሪት ብዙ ጊዜ የሚያባክነው በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውሱን በአማርኛ ገጽታ ለሚጠቀም ሰውም የእንግሊዝኛውን ምልክት ስም ከመናገር ይልቅ ጥቂት ፊደላት ማስጻፍ ይቀልለታል።

ከውጭ ከመጡ ኮምፒውተሮች ጋር የተያያዘ፣ ከቋንቋውም የበለጠ ጉዳት የሚያስከትል ነገር አለ። የጀርመን የቁጥር አጻጻፍ በተመረጠበት ኮምፒውተር ላይ ነጥብ የሺህ መለያ፣ ኮማ ደግሞ የአስርዮሽ ምልክት ነው። ስለዚህ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በኤክሴል ውስጥ አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ለማለት በነጥብ የጻፈው ቁጥር እንደ ቁጥር ላይነበብ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀን ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። የአሜሪካ አጻጻፍ በተመረጠበት ላይ ደግሞ ወር ከቀን ይቀድማል፤ 5/6 ብሎ የጻፈ ሰው ጁን አምስት ያለ መስሎት ሜይ ስድስትን ያስገባል፤ ስሕተቱም የሚታየው ሒሳቡ ሲዘጋ ነው። መድኃኒቱ አይ ኤን ቲ ኤል ነጥብ ሲ ፒ ኤል ብሎ ከፍቶ፣ አዲሽናል ሴቲንግስ በሚለው ቁልፍ ሥር የአስርዮሽ ምልክቱን፣ የሺህ መለያውንና የቀኑን አጻጻፍ በአንድ መስኮት ማየትና ማረም ነው። በተርታ የተጻፉ መረጃዎችን አንዱን ከሌላው የሚለየው የመዘርዝር መለያ ምልክትም እዚያው ነው፤ ከባንክ ወይም ከሌላ ሥርዓት የወጣ የጽሑፍ ሠንጠረዥ በኤክሴል ሲከፈት ሁሉም በአንድ ዓምድ ታጭቆ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምልክት አለመጣጣም ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ይህን አንድ መስኮት ቢያውቅ ምን ያህል ድካም እንደሚቀርለት በቅርብ ስለማውቅ ነው አጥብቄ የምናገረው።

በዚያው መስኮት አድሚኒስትሬቲቭ የተባለው ገጽ ደግሞ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የራሱ ጥቅም አለው። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር በሚወክለው መስፈርት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ፣ የአማርኛ ጽሕፈት የሚሠራው የላቲን ፊደላትን ቦታ በወሰዱ ፊደል ገጾች (ፎንቶች) ነበር፤ በእነዚያ የተጻፉ ሰነዶችና የቆዩ ፕሮግራሞች ዛሬም በየመዝገብ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ አሉ። ዩኒኮድ የማይጠቀሙ ፕሮግራሞች ጽሑፍን የሚያነቡት በዚህ ገጽ ላይ በተመረጠው የሥርዓቱ ቋንቋ መሠረት ስለሆነ፣ ትናንት በደንብ ይነበብ የነበረ ነገር ዛሬ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ከመጣ፣ ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና ከመጫን በፊት ይህን ገጽ መመልከት ይገባል። በተለይ ዩቲኤፍ 8ን (ዩኒኮድ የሚጻፍበትን አንዱን ዘዴ) ለሁሉም ቋንቋ ተጠቀም የሚለውና ቤታ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሣጥን ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ይታይ።

ኮምፒውተራችንን አጥፍተን ለምናበራ ሰዎች እጅግ የሚጠቅመው ማስተካከያም ያለው በቆየው ቦታ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የተባለ አሠራር አለ። ይህ አሠራር ሲበራ፣ ሻት ዳውን ብለን የምናጠፋው ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ዘግቶ የሥርዓቱን እምብርት በሃርድ ዲስኩ ላይ በፋይል ያስቀምጥና በማግሥቱ ከዚያው ይቀጥላል። በፍጥነት የሚነሣውም በዚህ ነው። ነገር ግን ፕሪንተሩ አልታወቅም ሲል፣ ዋይፋዩ ሲጠፋ፣ ድራይቨር ሲበላሽ “አጥፍተህ አብራው” የሚለው የተለመደ ምክር የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የትናንቱን የተበላሸ ሁኔታ ይዞ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ከሻት ዳውን ይልቅ ሪስታርት መጠቀም ይገባል፤ ሪስታርት ሥርዓቱን እንደ አዲስ ያስነሣልና። የአንዱን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በሌላ ላይ ለሚገጥም፣ ወይም ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ የተባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ለሚጠቀም ባለሙያ ደግሞ ይህ አሠራር ዲስኩ እንደተያዘ እንዲቆጠር ስለሚያደርግ ፋይል ለማዳን ያስቸግራል። ማጥፊያው የሚገኘው በኃይል አጠቃቀም መስኮት ውስጥ፣ የኃይል ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩ መምረጫ በሚለው ገጽ ላይ ነው። እዚያም መጀመሪያ አሁን ሊለወጡ የማይችሉትን ለውጥ የሚለውን መስመር መጫን፣ ቀጥሎ ከፋስት ስታርትአፕ ላይ ምልክቱን ማንሣት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን በሴቲንግስ ውስጥ ሲፈልግ ውሎ ያጣዋል።

የኔትወርኩ ነገርም መነገር አለበት። በመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ በእጅ እንዲሞላ ሲደረግ፣ ከአይሲቲ (የመረጃ ቴክኖሎጂ) ክፍል የሚሰጠው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከአድራሻው ጋር የሚሞላውን ሰብኔት ማስክ የተባለ ቁጥር 255.255.255.0 ብሎ ይጽፋል። በዊንዶውስ 10 ሴቲንግስ ውስጥ ግን ሳጥኑ የሚጠይቀው የዚህኑ አቻ በአጭር ቁጥር ነበር፤ 24 ብሎ መጻፍ ይገባል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ሲገለብጥ አልቀበልም ይለዋል። የቆየው መስኮት ግን ወረቀቱ በሚለው መልክ ይቀበላል፤ ከዚያም በላይ በኬብል፣ በዋይፋይ፣ በሞደም ያሉትን ግንኙነቶች ሁሉ ጎን ለጎን ስለሚያሳይ የትኛው እንደተቋረጠና የትኛው እንደተዘጋ በአንድ እይታ ይለያል።

አዲሱን ሴቲንግስ ለማጣጣል ይህን ሁሉ አልጻፍኩም። ለምሳሌ በጥቅል ዳታ የሚጠቀም ሰው የዋይፋዩን ግንኙነት ሜተርድ (በመጠን የተወሰነ) ብሎ ቢመዘግበው ዊንዶውስ ከባድ ማሻሻያዎችን በራሱ ከማውረድ ይቆጠባል፤ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ዳታ እንደበላም እዚያው ይታያል። እነዚህ በኮንትሮል ፓነል ውስጥ የሉም። ሴቲንግስን ለመክፈት የዊንዶውስ ቁልፍን ከአይ ፊደል ጋር መጫን በቂ ነው። ደግሞም በብዙዎቹ የሴቲንግስ ገጾች ግርጌ ወይም ጎን፣ ተዛማጅ ማስተካከያዎች በሚል ርእስ ሥር ያሉት ማስፈንጠሪያዎች የሚከፍቱት የቆየውን መስኮት ነው፤ ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ የሚለው የቆየውን የድምፅ መስኮት ያመጣል። ሁለቱ ቦታዎች ገና ተደጋግፈው የሚሠሩ ናቸው፤ ተጠቃሚው ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎች “የሚሞት ነገር ለምን እናስተምራለን?” ሲሉ እሰማለሁ። አነጋገራቸው መሠረት የለውም አልልም፤ ዝውውሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን የቆየው መጠሪያ መስኮቱ ከተዛወረ በኋላም ጥቅም አያጣም። በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች የፕሪንተሮች መስኮት በቀድሞ ስሙ ሲጠራ የሚከፈተው አቻው የሴቲንግስ ገጽ ነው፤ የሲስተም ገጽም እንዲሁ። መጠሪያውን የሚያውቅ ሰው ቦታው ቢለወጥም ወደ ትክክለኛው ቦታ ይደርሳል፤ መንገዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን በየእትሙ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለውጡም የዊንዶውስ ብቻ አይደለም፤ አፕልም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማክ ኦኤስ ቬንቹራ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓቱ እትም የተለመደውን የማስተካከያ መስኮት ስሙንም አደራደሩንም ለውጧል።

መስኮቱን ያጣ ሰው የሚሄድበት ሌላው አቅጣጫ ነው ከሁሉ የሚያሳስበኝ። በስታርት የፍለጋ ሳጥን ውስጥ የድራይቨር ወይም የድምፅ ችግር ብሎ የጻፈ ሰው፣ ኢንተርኔት ካለው፣ ከኮምፒውተሩ ማስተካከያዎች ጋር ተደባልቀው የድረ ገጽ ውጤቶችም ይመጡለታል፤ ከእነዚህም መካከል ድራይቨር እናድሳለን፣ ኮምፒውተር እናፈጥናለን የሚሉ ፕሮግራሞች ይገኛሉ። የጠፋ የሚመስለውን መስኮት ለማምጣት ምንም ዓይነት ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም፤ መስኮቱ ከዊንዶውሱ ጋር ተከፍሎበት የመጣ ነው። ፎርማት ማስደረግም ቢሆን የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ መሆን አልነበረበትም። በዴስክቶፕ ላይ የተቀመጡ ፎቶግራፎች፣ የሒሳብ ፕሮግራም መዝገቦች፣ በውድ ዋጋ የተገዙ ፈቃዶች በዚህ መንገድ ሲጠፉ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ግን በአንድ ሳጥን ላይ ምልክት በማንሣት የሚስተካከል ነበር። ማንኛውንም ማስተካከያ ከመንካት በፊት በኤስ ዋይ ኤስ ዲ ኤም ነጥብ ሲ ፒ ኤል የሚከፈተውን መስኮት ተጠቅሞ፣ ሲስተም ፕሮቴክሽን በሚለው ገጽ ላይ የመመለሻ ነጥብ መፍጠር ልማድ ቢሆን መልካም ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ጥበቃ ጠፍቶ ስለሚገኝ መጀመሪያ ማብራት ያስፈልጋል። የመመለሻ ነጥቡ የሚመልሰው የሥርዓቱን ማስተካከያዎችና ፕሮግራሞችን እንጂ የግል ፋይሎችን እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ የግል ፋይል መጠባበቂያ ቅጂ ለብቻው ይያዛል።

በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ትእዛዙ በትክክል ተጽፎ መስኮቱ ካልተከፈተ፣ ወይም በእገዳ ምክንያት ተሰርዟል የሚል መልእክት ከመጣ፣ የቢሮው የአይሲቲ ክፍል ኮንትሮል ፓነልንና ሴቲንግስን በመመሪያ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመስበር መሞከር ተገቢ አይደለም፤ ክፍሉን መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ማሠልጠኛዎች ልመለስ። በብዙ የሥልጠና መጽሐፎችና ማስታወሻዎች ውስጥ የማስተካከያ ትምህርት የሚቀርበው በቀስት ተያይዞ ነው፤ ስታርት፣ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ይህ፣ ከዚያ ያ። ተማሪውም ለፈተና የሚያጠናው ይህንኑ ሰንሰለት ነው። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለዊንዶውስ 7 ሆኖ ተማሪው የሚለማመድበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ሲሆን፣ ትጉህ የሆነው ተማሪ እንኳን ያጠናውን ስክሪኑ ላይ ሲያጣ ራሱን ይጠራጠራል። ይህ በሙያው ላይ ተስፋ ሊቆርጥ ለሚችል ጀማሪ ትንሽ ጉዳት አይደለም። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በግል ማሠልጠኛዎችና በመለስተኛ ኮርሶች የምናስተምር ሁሉ እያንዳንዱን ማስተካከያ በሦስት ነገር ብናስተምር እመኛለሁ፦ ምን እንደሚሠራ፣ በራን ሳጥን ውስጥ በምን ስም እንደሚጠራ፣ ከተበላሸ ወደ ነበረበት እንዴት እንደሚመለስ። የመጫኛው መንገድ ይቅር አልልም፤ ግን በየትኛው እትም ላይ እንደሚሠራ ተጽፎበት በአራተኛ ደረጃ ይምጣ። ፈተና የሚያወጡ መምህራንም “በየት በኩል ይገባል” ብለው ከሚጠይቁ ይልቅ፣ የአስርዮሽ ምልክቱ የተዛባበትን ኮምፒውተር ሰጥተው “አስተካክል” ቢሉ የተማሪውን ችሎታ በትክክል ይለካሉ።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። በየጊዜው የምታወጧቸው የቴክኖሎጂ ምክሮች ለብዙ አንባቢ፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ውጭ ላለውና ባለሙያ በቅርብ ለማያገኘው፣ ትልቅ ድጋፍ እንደሆኑ አውቃለሁ። ወደፊት የኮምፒውተር ማስተካከያን የሚመለከት ምክር ስታወጡ፣ ምክሩ የተሞከረበት የዊንዶውስ እትም በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ እንዲገለጽ፣ ከመጫኛው መንገድ ጎንም የራን መጠሪያው እንዲታተም እጠይቃለሁ። አንባቢ ጋዜጣውን ቆርጦ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቢለጥፈው ለዓመታት የሚያገለግለው ያ አንድ መስመር ነው። ዝግጅት ክፍሉ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውንና ሌሎች ተፈላጊ መጠሪያዎችን በዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 ላይ አንድ በአንድ ሞክሬ፣ የትኛው የቆየውን መስኮት እንደሚከፍትና የትኛው ወደ ሴቲንግስ እንደሚወስድ ለይቼ ያለ ምንም ክፍያ አዘጋጅቼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የኮምፒውተር ጥገናና ሥልጠና ባለሙያ
አዲስ አበባ